ጆሴፍ ሄንሪ፤ ትንሹን ኮረንቲ በትልቁ ላይ አዛዥ ያደረገ መምህር

በኤሌክትሪክ ወደሚሠራ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ ወይም እናቱን ተከትሎ ሄዶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። ፈጪው ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለችው የብረት ሣጥን ጠጋ ብሎ አረንጓዴውን ቁልፍ በአንድ ጣቱ ጫን ሲያደርገው በሣጥኗ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ሞተሩ ያጓራል፥ ቺንጊያው ይሽከረከራል፥ ዱቄቱም መውረድ ይጀምራል። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ወፍጮው ይቆማል። መብራቱ ሲመለስ የቤቱ አምፖሎች ሁሉ በራሳቸው ይበራሉ፤ ወፍጮው ግን ፈጪው ተመልሶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ዝም ይላል። ብዙ ሰው ይህን የወፍጮው ጠባይ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሰዓት የወፍጮውን አፍ ሊጠርግ እጁን ያስገባ ሰው፥ ሞተሩ መብራቱን ተከትሎ በራሱ ቢነሣ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደ ነበር ማሰብ አያስቸግርም።

ሣጥኗን በካቻቢቴ ፈትቶ ለሚመለከት ነገሩ ምሥጢር አይደለም። በውስጧ ኮንታክተር የሚባለው ዕቃ አለ። ከታች አንድ የማይንቀሳቀስ ብረት ተቀምጦ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እጅግ ብዙ ዙር ተጠምጥሞበታል። ከላይ ደግሞ ሞላ ገፍቶ ያራቀው ሌላ ተንቀሳቃሽ ብረት አለ፤ ይህም ብረት ሦስት መነካኪያዎችን ተሸክሟል፤ ሞተሩን የሚመግቡት ሦስት ወፍራም ሽቦዎች የሚገናኙትና የሚለያዩት በነዚህ ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ትንሽ ኮረንቲ ወደ ጥቅል ሽቦው ይገባል፤ የቆመው ብረት ማግኔት ይሆንና የላይኛውን ይስበዋል፤ ሦስቱ መነካኪያዎች በአንድ ጊዜ ይገጥማሉ፤ ሞተሩም ይነሣል። ቀጭ የሚለው ድምፅ የሁለቱ ብረቶች መጋጨት ነው።

በጎን በኩል አራተኛ ትንሽ መነካኪያ አብራ ትገጥማለች። የርሷ ሥራ ጣት ከአረንጓዴው ቁልፍ ከተነሣ በኋላ ለጥቅል ሽቦው ኮረንቲ ማቀበል ነው፤ ኮንታክተሩ ራሱን በራሱ ይዞ የሚቆየው በርሷ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲጫን፥ ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሠራ ኦቨርሎድ የሚባለው ጠባቂ ሲላቀቅ፥ ወይም መብራት ሲጠፋ ይህ ቀጭን መንገድ ይቋረጣል፤ ሞላውም ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። መብራቱ ሲመለስ ትንሿ መነካኪያ ተከፍታ ስለምትገኝ ኮረንቲው ወደ ጥቅል ሽቦው የሚሄድበት በር የለውም። የወፍጮው ዝምታ ከዚህ የመጣ ነው። ሥዕሉን በዚህ ገጽ ለማስገባት ስላልተመቸን አንባቢያችን በልቡናው እንዲሥለው እንለምናለን።

ነገሩን በቁጥር ስንመለከተው ይበልጥ ያስደንቃል። 15 ኪሎዋት ኃይል ያለው ሞተር በ380 ቮልት 30 አምፔር ያኽል ይወስዳል፤ ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ከዚያ አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ይጠጣል። የኮንታክተሩ ጥቅል ሽቦ ግን ብረቱን ከሳበ በኋላ ይዞት ለመቆየት ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላውም። እንግዲህ ኢምንቱ ኮረንቲ ብርቱውን ያዛል ማለት ነው። እኛም ለዚህ ዕትም ስለ ሣጥኗ ብቻ ለመጻፍ አስበን ነበር፤ ነገር ግን ይህ አዛዥነት መጀመሪያ ከማን እጅ እንደ ወጣ ወደ ኋላ ብንከታተለው ከአንድ የድኻ ልጅና በኋላም መምህር ከሆነ ሰው ዘንድ አደረሰን። ስሙ ጆሴፍ ሄንሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሄንሪ የተወለደው ታኅሣሥ 17 ቀን 1797 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ በተባለች ከተማ ነው። ወላጆቹ ዘራቸው ከስኮትላንድ የሆነ፥ ሃይማኖተኞችና ችግረኞች ነበሩ፤ አባቱ የቀን ሥራ እየሠራ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ጋልዌይ ወደምትባል መንደር ተልኮ ከአያቱ ዘንድ አደገ፤ እዚያም ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት እየዋለ ግማሽ ቀን ሱቅ ይሠራ ነበር። አባቱ የሞተበት ገና ልጅ ሳለ ነው። ወደ አልባኒ ተመልሶ በ13 ዓመቱ ገደማ ከአንድ ሰዓት ሠሪና ብር አንጣሪ ዘንድ እጅ ሥራ ሊማር ገባ። በዚያን ጊዜ ልቡን የሳበው ግን ሰዓቱም ብሩም ሳይሆን ቴአትር ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ ይጫወት ነበር፤ ተዋናይ ሆኖ ለመቅረትም ጥቂት ነበር የቀረው።

አሳቡን የለወጠው አንድ መጽሐፍ ነው። ዕድሜው 16 ሲሆን ታሞ ከቤት በዋለበት ጊዜ፥ በእናቱ ቤት ተከራይቶ ይኖር ከነበረ ሰው የቀረ ስለ ፊዚክስ፥ ስለ ከዋክብትና ስለ ኬሚስትሪ ለተራ ሰው የተጻፈ የእንግሊዛዊው የጆርጅ ግሪጎሪ መጽሐፍ በእጁ ገባ። ወደ ሰማይ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ይመለሳል የሚለውን የመሰለ ጥያቄ እያነሣ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነበር። ሄንሪ አንብቦ ሲጨርስ ቴአትሩን ትቶ ለዕውቀት እንደሚኖር ቈረጠ። መጽሐፉንም ዕድሜውን ሁሉ ሳይጥለው ኖረ።

በ1819 ዓ.ም. አልባኒ አካዳሚ የተባለው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ተቀበለው። ዕድሜው ከሃያ አልፎ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አላሳፈረውም። ለዕለት ጉርሱ በገጠር ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በሀብታም ቤት የልጆች አስጠኚ ሆነ፤ ቀጥሎም ከሀድሰን ወንዝ እስከ ኤሪ ሐይቅ ለሚዘረጋ መንገድ የመሬት ቀያሽ ሆኖ ሠራ። በሰው ቤት እያስጠና የሚማር ጓደኛችን ይህን ሲያነብ ፈገግ እንደሚል አንጠራጠርም። በ1826 ዓ.ም. በዚያው በተማረበት አካዳሚ የሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆኖ ተሾመ።

መምህርነቱ የዕረፍት ሥራ አልነበረም። በቀን ሰባት ሰዓት ያኽል ያስተምር ነበር፤ ከሚያስተምራቸውም ብዙዎቹ ገና ሒሳብ የሚጀምሩ ልጆች ነበሩ። ለሙከራ የሚበቃ ሰፊ ክፍልና ጊዜ የሚያገኘው ትምህርት በሚዘጋበት በነሐሴ ወር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የትምህርት ክፍሉን በሽቦና በባትሪ ይሞላዋል፤ መስከረም ሲመጣ ሁሉን ነቅሎ ለልጆቹ ቦታ ይለቅላቸዋል። የጀመረው ምርምር ቢያልቅም ባያልቅም እስከሚመጣው ነሐሴ ይቆያል ማለት ነው። ይህ የነሐሴ ነገር በኋላ ብዙ እንዳስከፈለው እናያለን።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክና ማግኔት ዝምድና እንዳላቸው ከታወቀ ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። የዴንማርኩ ኧርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር በ1820 ዓ.ም. አሳይቷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን ደግሞ በ1825 ዓ.ም. አንድ ብረት እንደ ፈረስ ጫማ ቈልምሞ፥ ቫርኒሽ ቀብቶ፥ ባዶ ሽቦ 18 ዙር ያኽል አራርቆ ጠመጠመበት፤ ኮረንቲ ሲሰጠው ከራሱ ክብደት ሃያ እጥፍ አነሣ፤ ይኸውም 200 ግራም ያኽል የሚመዝን ብረት አራት ኪሎ አነሣ። ስተርጅን ሽቦውን ያራራቀው ዙሮቹ እንዳይነካኩ ብሎ ነው፤ ቢነካኩ ኮረንቲው ዙሩን ትቶ በአቋራጭ ያልፍ ነበርና።

ሄንሪ ብረቱን በቫርኒሽ በመቀባት ፈንታ ሽቦውን ራሱን በሐር ክር ሸፈነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተሸፈነ ሽቦ ቢነካካም ጉዳት ስለሌለው አንዱን ዙር ባንዱ ላይ አጥብቆ፥ ንብርብር አድርጎ መጠምጠም ተቻለ። ሐሩን ከሚስቱ የውስጥ ቀሚስ ቀድዶ ወሰደ እየተባለ ይወራል፤ እኛ ግን ሚስቱን ሐሪየትን ያገባት በ1830 ዓ.ም. መሆኑን ስለምናውቅ፥ የተሸፈነውንም ሽቦ ከዚያ አስቀድሞ ስለ ጀመረው፥ ወሬውን ለሚያወሩት ትተነዋል። ዛሬ በኮንታክተሩ ውስጥ ያለው ሽቦ በሐር ፈንታ በቀጭን ኢናሜል ተሸፍኗል እንጂ አሳቡ ያው የሄንሪ ነው።

ፍሬው ወዲያው ታየ። በ1831 ዓ.ም. መጀመሪያ ያሳወቀው ማግኔት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሆኖ ሦስት ኩንታል ከአርባ ኪሎ አነሣ። በዚያው ዓመት ለየል ኮሌጅ የሠራው ደግሞ 27 ኪሎ ብቻ እየመዘነ 936 ኪሎ ተሸከመ፤ በእኛ አነጋገር ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። 

ለእኛ ለጽሑፋችን ከክብደቱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በነዚህ ሙከራዎች መካከል ያስተዋለው ልዩነት ነው። ሄንሪ ሁለት ዓይነት ማግኔት እንዳለ አየ። አንዱ ብዙ አጫጭር ጥቅሎች ጐን ለጐን ተገናኝተውበት ከአንድ ሰፊ ባትሪ ብዙ ኮረንቲ የሚጠጣ ነው፤ ይህ እጅግ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በረዥም ሽቦ ጫፍ ላይ ቢያኖሩት ይሞታል። ሁለተኛው አንድ ረዥም ቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር ተጠምጥሞበት፥ ከተደረደሩ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች ጋር የሚገናኝ ነው፤ ይህ ኃይሉ መጠነኛ ቢሆንም ርቀት አይገድለውም። በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ ሽቦ እያዞረ ከዘረጋ በኋላ ርዝመቱ ከአንድ ማይል ሲያልፍ እንኳ ሁለተኛው ማግኔት በወዲያኛው ጫፍ አንድ ዘንግ ገፍቶ ደወል አስደወለ። ተማሪዎቹ ሲደነቁ ይታየናል።

በዚሁ በ1831 ዓ.ም. በማግኔት ኃይል በደቂቃ 75 ጊዜ ያኽል ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ማሽንም ሠራ። ዘንጉ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ጫፉ ላይ ያሉት ሽቦዎች ባዜቃ በሞላባቸው ትንንሽ ጽዋዎች ውስጥ ይጠልቁና ኮረንቲውን ይገለብጡታል፤ ዘንጉም ይመለሳል። እርሱ ራሱ መጫወቻ ነው ብሎ አቃልሎታል፤ ምናልባት ወደፊት አንድ ጥቅም ይገኝለት ይሆናል ከማለት በቀር አልተመካበትም። ኮረንቲ እንቅስቃሴ እየሆነ፥ እንቅስቃሴውም ኮረንቲውን እየከፈተና እየዘጋ የሚሠራ ዕቃ በዓለም ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ግን ይህ ነው።

አሁን ወደ ነሐሴው ነገር እንመለስ። ሄንሪ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ሊያስነሣ እንደሚችል ከሌሎች አስቀድሞ በሙከራ ሳያየው አልቀረም። ይሁን እንጂ ሙከራውን በትልቅ መሣሪያ ደግሞ አስፍቶ ለማሳየት ሲል ሳያሳትመው ቆየ፤ ትምህርት ተከፈተ፤ ክፍሉ ተወሰደበት። በዚህ መካከል በለንደን ማይክል ፋራዴይ ያንኑ ነገር በ1831 ዓ.ም. አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ። ሄንሪ የፋራዴይን ወሬ በሰማ ጊዜ በጥድፊያ ጽፎ በሐምሌ 1832 ዓ.ም. አሳተመ። ክብሩ ግን ለቀደመው ሆነ፤ መሆንም ይገባዋል። እኛ ሄንሪን ብንወደውም በዚህ ነገር ጥፋቱን በትምህርት ቤቱ ላይ ብቻ ልንጥል አንፈቅድም፤ ሁለት ገጽ ጽፎ ለመላክ ሰፊ ክፍል አያስፈልግም ነበርና።

ዘግይቶ በወጣው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ፋራዴይ ያልደረሰበት አንድ ነገር ነበረ። ረዥም ሽቦ ከባትሪ ሲላቀቅ አጭር ሽቦ የማይሰጠውን ብርቱ ብልጭታ ይሰጣል፤ ሽቦው ቢጠቀለል ብልጭታው ይብሳል። ሄንሪ ይህን ሲያብራራ፥ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ ኮረንቲው ሲቋረጥበት ራሱ በራሱ ላይ አዲስ ኮረንቲ ያስነሣል አለ። ዛሬ በፊዚክስ ትምህርታችን የራስ ኢንዳክሽን የምንለው ይኸው ነው። ከእኛ አንዱ ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በእጁ ተምሮታል፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማንን ይጐዳል ብሎ የአንድ ትልቅ ጥቅል ሽቦ ሁለት ጫፍ በባዶ እጁ ይዞ ሲያላቅቅ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄዷል።

ይህ ብልጭታ የኮንታክተር ቀንደኛ ጠላት ነው። ሦስቱ መነካኪያዎች ሲለያዩ የሞተሩ ጥቅሎች ኮረንቲው እንዳይቋረጥ ስለሚታገሉ በመካከላቸው እሳት ይዘረጋል፤ እሳቱም ቶሎ ካልጠፋ መነካኪያውን ያቀልጠዋል። ለዚህም ነው መነካኪያዎቹ ብር በተቀላቀለበት ማዕድን የሚሠሩት፥ በላያቸውም እሳቱን የሚከፋፍሉና የሚያበርዱ ቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎች የሚደረደሩት። የመብራት ኃይላችን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ ኮረንቲው በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ይደርሳል፤ እሳቱም ያን ጊዜ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። የባትሪ ዓይነት አንድ አቅጣጫ ያለው ኮረንቲ ግን ዜሮን አያውቅምና፥ እሳቱን በሌላ ማግኔት ገፍቶ ወደ ላይ ማስረዘምና መበጠስ ያስፈልጋል። የሚመላለሰው ኮረንቲ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ዜሮ በደረሰ ቍጥር ማግኔቱ ስለሚላላ ብረቱ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለመከላከል በብረቱ ፊት ላይ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ትቀበራለች፤ በቀለበቷ ውስጥ በኢንዳክሽን የሚነሣው ኮረንቲ ዋናው ሲደክም ብረቱን ይዞ ያቆየዋል። አንድ ኮንታክተር እንደ ንብ መንጋ ሲጮኽ የሰማ ሰው ቀለበቷ ተሰብራለች ወይም በብረቶቹ መካከል ቆሻሻ ገብቷል ብሎ ይጠርጥር። ብረቶቹ በቆሻሻ ምክንያት ሳይገጥሙ ከቀሩ፥ በመካከላቸው ያለው አየር ኢንዳክሽኑን ስለሚያሳንሰው ጥቅል ሽቦው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይጠጣና ይቃጠላል። ዱቄት በሚቦንበት ወፍጮ ቤት ይህ ብርቅ አይደለም።

በ1832 ዓ.ም. ሄንሪ ዛሬ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ኮሌጅ መምህር ሆነ። ኑሮው ተሻሻለ፥ ጊዜም አገኘ። የሙከራ ዕቃዎቹን የሚያዘጋጅለትና ከላቦራቶሪው አድካሚ ሥራ ያሳረፈው ሳም ፓርከር የተባለ ጥቁር ሰው ነበር፤ ስሙን የሚያነሡት መጻሕፍት ጥቂቶች ስለ ሆኑ እኛ እዚህ እናነሣዋለን። በግቢው ውስጥ ከላቦራቶሪው እስከ ቤቱ ሽቦ ዘርግቶ ለሚስቱ ምልክት ይልክላት ነበር፤ ኮረንቲው የሚመለስበትንም መንገድ መሬቱን ራሱን አደረገው።

የወፍጮ ቤቱን ሣጥን የሚመለከተው ነገር የተደረገው እዚህ፥ በ1835 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሄንሪ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ በላይ ሊሸከም የሚችል ትልቅ ማግኔት ነበረው፤ ነገር ግን ያ ማግኔት የመጀመሪያው ዓይነት ስለ ሆነ በሩቅ ሽቦ ሊታዘዝ አይችልም። በሩቅ የሚታዘዘው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከባድ ነገር አያነሣም። እንግዲያስ ሁለቱን ቢያገናኟቸውስ? የትልቁ ማግኔት ኮረንቲ የሚያልፍበትን ሽቦ ጫፍ ባዜቃ በሞላበት ጽዋ ውስጥ አስገባው። ከጽዋው በላይ ትንሹን ማግኔት አቆመና፥ በረዥም ሽቦ ከሩቅ ደካማ ኮረንቲ ሲላክለት ጫፉን ከባዜቃው መዝዞ እንዲያወጣው አደረገ። በትምህርት ሰዓት ትልቁን ማግኔት ከባድ ሸክም ያሸክመዋል፤ ተማሪዎቹን ራቅ በሉ ይላል፤ ከክፍሉ ወዲያኛ ጫፍ ያለውን ትንሽ ሽቦ ይነካል። ጽዋው ባዶ ይቀራል፥ ትልቁ ማግኔት ኃይሉን ያጣል፥ ሸክሙም ወለሉን እያናወጠ ይወድቃል።

ይህ እንግዲህ ሪሌይ ነው፤ ኮንታክተርም ብርቱ ኮረንቲ እንዲሸከም ሆኖ የተሠራ ሪሌይ ነው። በባዜቃው ፈንታ የብር መነካኪያ፥ በሸክሙ ፈንታ ሞተር፥ በመምህሩ እጅ ፈንታ አረንጓዴ ቁልፍ ብናስቀምጥ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ነን። በ1837 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ በሄደ ጊዜ ሄንሪ ይህን ዘዴ ለዊትስቶን በግልጽ አስረዳው። ፋራዴይንም ተዋወቀው፤ ሁለቱ በመጽሐፍ የተፎካከሩ ሰዎች ሲገናኙ ተዋደዱ እንጂ አልተጣሉም።

ሄንሪ ለዚህም ሆነ ለሌላው ሥራው የፈጠራ መብት አልጠየቀም። የተፈጥሮን ሕግ ያገኘ ሰው አጥር ሊያጥርበት አይገባም የሚል እምነት ነበረው። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሊከራከሩን ይችላሉ፤ መከራከሪያውንም ታሪኩ ራሱ ይሰጣቸዋል። ሳሙኤል ሞርስ የተባለው ሠዓሊ ቴሌግራፍ ለመሥራት ሲነሣ ማግኔቱ በረዥም ሽቦ አልታዘዝ አለው፤ የረዳው ጌል የተባለው የኬሚስትሪ መምህር የሄንሪን የ1831 ዓ.ም. ጽሑፍ አንብቦ ነበር። ከዚያም ሞርስ ወደ ሄንሪ ራሱ ሄዶ ጠየቀው፤ ሄንሪም ሳይሰስት ነገረው፤ በ1842 ዓ.ም. ደግሞ ሥራውን የሚያበረታታ ደብዳቤ ጻፈለት። በ1844 ዓ.ም. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የተዘረጋው መሥመር ሥራ ጀመረ፤ ሞርስ በዝናና በገንዘብ ከበረ። የሞርስ ባልደረባ ቬይል በ1845 ዓ.ም. ስለ ቴሌግራፍ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ግን የሄንሪ ድርሻ ከምንም ሳይቈጠር ቀረ። ሄንሪ ገንዘብ ባይፈልግም ይህ አንገበገበው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሞርስ በመብቱ የገቡበትን ሰዎች ሲከስ ሄንሪ ለምስክርነት በሕግ ተጠራ፤ በ1849 ዓ.ም. የሚያውቀውን ተናገረ፤ ሳይንሱ ከሞርስ በፊት የተገኘ እንደ ነበር፥ የሞርስ ሥራ ያን አሰናድቶ በጥቅም ላይ ማዋል እንደ ሆነ መሰከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1854 ዓ.ም. የሞርስን መብት በአብዛኛው አጸና፤ በማናቸውም መንገድ በኤሌክትሪክ ማግኔት ከሩቅ መጻፍ ሁሉ የኔ ነው ያለበትን ሰፊ ጥያቄ ግን ሻረበት። በ1855 ዓ.ም. ሞርስ ተቈጥቶ ሄንሪ ምንም አላዋጣም፥ ቃሉም አይታመንም የሚል ረዥም ጽሑፍ አወጣ። ሄንሪ በጋዜጣ አልመለሰም፤ የሚሠራበት ተቋም ባለአደራዎች ነገሩን እንዲመረምሩት ጠየቀ። እነርሱም ደብዳቤውንና ማስረጃውን አይተው ሞርስ ያለው ሐሰት እንደ ሆነ በ1858 ዓ.ም. አስታወቁ። መልካም ስሙ ተመለሰለት፤ ገንዘቡ ግን የሞርስ እንደ ሆነ ቀረ።

ያ ተቋም በዋሽንግተን የሚገኘው ስሚዝሶኒያን ነው። ሄንሪ በታኅሣሥ 1846 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ መራው። በቴሌግራፍ የየከተማውን የአየር ጠባይ እየሰበሰበ በካርታ ያሳይ ነበር። ለባሕር መብራቶችም ውድ በሆነው የዓሣ ነባሪ ዘይት ፈንታ የአሳማ ስብ ዘይት እንዲነድ በሙከራ አረጋገጠ። በጥር 1865 ዓ.ም. የምድጃ ጭስ ማውጫ በስሕተት ወደ ግድግዳ ክፍተት በመግባቱ ሕንፃው ተቃጥሎ የብዙ ዘመን ጽሑፎቹ ጠፉበት።

አንድ ነገር ደብቀን ብናልፍ ግን ለአንባቢያችን አንታመንም። በ1862 ዓ.ም. በተቋሙ አዳራሽ ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ንግግር ሲያደርጉ ቆይተው ተራው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጋ ሲደርስ፥ ሄንሪ ጥቁር ሰው በዚህ አዳራሽ አይናገርም ብሎ ከለከለ። በባርነት ተወልዶ ራሱን ነጻ ያወጣውን፥ በዘመኑ ከነበሩት አንደበተ ርቱዓን የሚቀድመውን ሰው ነው የከለከለው። በዚያው ተቋም ሰሎሞን ብራውን የተባለ፥ የሞርስን የመጀመሪያ መሥመር ለመዘርጋት የሠራ ጥቁር ሰው ተቀጥሮ ብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ሳም ፓርከርንም ከላይ አንሥተናል። እጃቸው ለሥራ ሲፈለግ ድምፃቸው ለአዳራሹ አልተፈቀደም። የዘመኑ አስተሳሰብ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን እነዚያን ንግግሮች ያዘጋጁትም ሰዎች የዚያው ዘመን ሰዎች ነበሩ።

በመጋቢት 1875 ዓ.ም. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተባለ ወጣት ስለ ድምፅና ስለ ኤሌክትሪክ ያደረገውን ሙከራ ሊያሳየው መጣ። ወጣቱ አሳቡን ከፍጻሜ ለማድረስ የኤሌክትሪክ ዕውቀት እንደሚያንሰው ሲናገር፥ ሽማግሌው ሄደህ ተማረው ብሎ መለሰው። ቤል በኋላ እንደ መሰከረው ያች አጭር መልስ ተስፋ ከመቁረጥ አዳነችው። በሚከተለው ዓመት በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ቴሌፎኑ ሲቀርብ ከዳኞቹ አንዱ ሄንሪ ነበር።

ታኅሣሥ 1877 ዓ.ም. በኒውዮርክ አጠገብ ለባሕር መብራቶች ሙከራ ሲያደርግ ሳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ግንቦት 13 ቀን 1878 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሞተ፤ ፕሬዚዳንት ሄይስ በቀብሩ ተገኙ። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ የተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት የኢንዳክሽን መለኪያ በስሙ ሄንሪ ተብሎ እንዲጠራ ወሰኑ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ፍራንክ ስፕሬግ አንድ ሾፌር ከፊት ሆኖ በየፉርጎው ያሉትን ሞተሮች ሁሉ በትንሽ ኮረንቲ የሚያዝበትን የባቡር ዘዴ አሳየ። የፋብሪካ ሞተሮች፥ ሊፍቶችና የውሃ ፓምፖችም ተከተሉ። በኮንታክተር ጥቅል ሽቦ ላይ የሚጻፈው የቮልቱና የኸርዙ ቁጥር ነው፤ ቮልት ከቮልታ፥ ኸርዝ ከኸርዝ የተወሰዱ ስሞች ናቸው። የሄንሪ ስም አይጻፍበትም፤ ስንት ሄንሪ እንደ ሆነ ማወቅ የፈለገ ተማሪ ራሱ መለካት አለበት።